ሰው የማያስፈልገው ቤት

መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከገደሉ አፋፍ፣ ከጫንጮ ወዲህ

ይድረስ ለእህቴ ለጥሩሰው፤ ሰበታ

እህትዓለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ? ጉልበቷን አሁንም ያማታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከቡራዩ ከወጣሁ ወዲህ ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። ጎጆዬን አቁሜ ጣራዋን ሣር አልብሻለሁ። ከአለቱ ሥር የሚፈልቅ ውሃ አግኝቼ በቦይ እስከ ደጄ አምጥቼዋለሁ። ቡራዩ ሳለሁ የገፈርሳ ግድብ አፍንጫዬ ሥር ተኝቶ እኔ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ስጠብቅ በርሜል አቅፌ አድር ነበር። አሁን ውሃው ነው እኔን የሚጠብቀኝ።

መብራት የለኝም። የሥራ ዘመኔን ሙሉ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥዬ የሰው ቤት ሳበራ ኖሬ፣ ያለ መብራት መኖር ይቻል እንደሆነ ማየት እፈልግ ነበር። ይቻላል። ሲመሽ እተኛለሁ፣ ሲነጋ እነሳለሁ። ቆጣሪ አንባቢ የለ፣ የቀበሌ ስብሰባ የለ፣ የሚኒባስ ሰልፍ የለ። ድንችና ጎመን ተክያለሁ፤ ክረምት ሲገባ ገብስ እዘራለሁ፤ ቀፎም ሰቅያለሁ። መሬቱ የኦቦ ዳና ነው፤ የማመርተውን እኩል እንካፈላለን። ኦቦ ዳና ወሬ አያበዛም። ጠዋት ጠዋት ከማሳው ማዶ ሆኖ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ» ይለኛል፣ እኔም «ነጋ፣ ደህና» እለዋለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ወደ ሥራችን። ለእኔ ይህን ያህል ሰው ይበቃኛል።

ስልኬን ሸጬዋለሁ። መጻፍ ስትፈልጊ ደብዳቤውን ለአክስታችን ልጅ ለወንዲ ስጪው። እሱ ሚኒባሱን ይዞ ሱሉልታ ሲደርስ ሀሰኖ ሱቅ ያስቀምጥልኛል፤ እኔ በወር አንዴ ለገበያ ስወርድ እወስዳለሁ። ለሀሰኖ ደውለሽ መልእክት እንዳትነግሪው፤ በስልክ የመጣ ወሬ እንዳይነግረኝ አስጠንቅቄዋለሁ። የሚለኝ ነገር ያለው ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦ ይጻፍ።

የጎደለኝ ነገር የለም። ምንም እንዳትልኪ፤ ሰውም እንዳትልኪብኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

ወንድምሽ አሥራት


መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሰበታ

ለውድ ወንድሜ ለአሥራት

ወንድምዓለም፣ ያለህበት ዱር ሰላም ይሁንልህ፤ ጅቡንም ብርዱንም ከአንተ ያርቅልህ። ደብዳቤህን ለእማዬ አነበብኩላት። ውሃ ደጁ ድረስ መጣ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ጉልበቴን ሳሚልኝ የሚለው ጋ ስደርስ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከእድሩ እንደወጣህ ሰብሳቢው ነገሩኝ። እኔ ምን ልበላቸው? ወንድሜ ሰው አያስፈልገኝም ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ሰፍሯል ልበል?

አሁን የምጽፍልህ ግን ስለዚህ አይደለም። እማዬ ታማለች፣ ጠንቶባታል። ይህ እንደደረሰህ አትቀመጥ፣ ተነስተህ ና።

እህትህ ጥሩሰው


ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከገደሉ አፋፍ

ጥሩሰው፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅም፤ በዓይኔ አይቼሻለሁ፣ ደህና ነሽ። እማዬም ደህና ናት። ደብዳቤሽን ባነበብኩበት እግሬ ሱሉልታ ላይ ሚኒባስ ተጋፍቼ፣ አዲስ አበባን አቋርጬ ሰበታ ደረስኩ። በሩን ገፋ ሳደርግ ሞት አፋፍ ላይ ናት የተባለችው እናቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ቆሎ ትቆረጥማለች። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ መምሬ ፍቅረሥላሴ፣ የእድሩ ሰብሳቢና ወንዲ፣ ሦስቱም ጋቢ ደርበው ተኮልኩለዋል። «ልጄ፣ ከሰው ወጥቶ መኖር ደግ አይደለም» ተባልኩ። እኔ የእናቴን ሬሳ አገኛለሁ ብዬ የሄድኩት ሰውዬ ተቀምጬ ምክር ሰማሁ።

ይህም ሳይበቃሽ እነዚያኑ ሰዎች እዚህ ድረስ ሰደድሽብኝ። ማሳ ሳልወርድ ሊያገኙኝ ገና ሳይነጋጋ ደጄ ላይ ቆሙ። እስኪረፍድ ደጋግመው ያንኑ ነገሩኝ፤ ኦቦ ዳና እንኳ አፍሮ ከብቶቹን ነድቶ ሄደ። ለሽማግሌ ክብር ብዬ ባይሆን በሩን እዘጋባቸው ነበር።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርሽ። ሁለተኛ ያንን ጋቢ በዚህ ዳገት ላይ ካየሁ ገደል ገብቼ እደበቃለሁ እንጂ በሬን አልከፍትም። «እማዬ ታማለች» የሚለውን ቃል ደግሞ እንዳትነኪው፤ አንድ ዕድል ብቻ ነበረሽ፣ ተጠቅመሽበታል።

አሥራት


ግንቦት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሰበታ

ለወንድሜ ለአሥራት

ሰላም ለአንተ ይሁን። ስድብህ ደርሶኛል። ከተሳደብክ አይቀር ግን እውነቱን አውቀህ ተሳደብ ብዬ ነው የምጽፈው። ያቺን ዘዴ የዘየደችው እማዬ ራሷ ናት። «ታማለች ካላላችሁት አይመጣም» አለች። እኔ፣ እማዬ ይሄ ነገር ጥሩ አይደለም አልኳት፤ ወንዲም አላት፤ አልሰማችንም። በረንዳ ላይ የተቀመጠችው መምጫህን ለማየት ነው። ቆሎውን የያዘችው ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቅህ ምሳ አልበላም ብላ ስለነበር ነው። አንተ ግን ሳታድር፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳትላት ውልቅ ብለህ ሄድክ።

ሽማግሌዎቹን የላክሁት እኔ ነኝ፤ ያ የእኔ ነው፣ እቀበላለሁ። ባለቤትህ መሰረት የሞተች ጊዜ ቤትህ ሰው ሞልቶ «ሰው በዛብኝ፣ ብቻዬን ተዉኝ» ስትል ሰምተናል። ሐዘን ነው፣ ያልፋል ብለን ዝም አልን። እሱ ግን አላለፈም፤ ቡራዩ ያለውን ቤት ሸጠህ ዱር እስክትገባ ድረስ አብሮህ ቆየ። ሲያጽናኑህ የከረሙ ሰዎች ምን እንደበደሉህ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እማዬ በርበሬ ልካልሃለች። አልፈልግም ብትል የራስህ ጉዳይ፤ እሷ ሳትልክ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ጥሩሰው


ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከገደሉ አፋፍ

ለእህቴ ለጥሩሰው

እንኳን ለፍልሰታ ጾም ፍቺ በሰላም አደረሳችሁ። በርበሬው ደርሷል፤ አመስግኚልኝ። ሳልጽፍ የቆየሁት ተቀይሜ አይደለም፤ ተቀይሜም ነው፤ ግን ዝናቡም መንገዱን ዘግቶት ነው። ሰኔ ላይ የዘራሁትን ገብስ ግማሹን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ እየወጡ ነቅለው ጨረሱት። መንጋው ሲመጣ ከእኛ ሠፈር ሰው ይልቅ ሥርዓት አለው፤ ተሰልፎ ይበላል፣ ተሰልፎ ይሄዳል። ድጋሚ ዘራሁ። ቀፎዎቼ ግን ከብደዋል።

እርዳታ ፈልጌ አይደለም፤ ወንዲ ለራሱ ጉዳይ ሱሉልታ መምጣቱ ካልቀረ ብዬ ነው። ጨው አልቆብኛል። ክብሪቱ እርጥበት ገብቶት አልነሳም ይላል። ጣራዬ በአንድ በኩል ያፈሳል፤ ለእሱ የሚሆን ላስቲክ፣ ትንሽ ሚስማርም። ደረቴን ይዞኝ ነበር፤ ያ ቡራዩ ሳለሁ የምወስደው ሽሮፕ ካለ ጨምሪልኝ። ከቻልሽ ደግሞ የሚሞቅ ካልሲ።

ሰው የፈለገውን ይበል፣ እዚህ ሆኜ ነፃ ነኝ። ሌሊት ዝናቡ ሲቆም የሚሰማው ጸጥታ ለእኔ መድኃኒት ነው።

አሥራት


ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰበታ

ለምወድህ ወንድሜ ለአሥራት

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልህ። የጠየቅከውን ሁሉ በወንዲ ልኬያለሁ። ዝርዝሩን ሳነብላት እማዬ፣ «ምንም አልፈልግም ያለው ልጄ ሱቅ ሊከፍት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

አሁን የምነግርህን እመነኝ። አታምነኝ ይሆናል፤ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አውቃለሁ። ከመስቀል በኋላ እህል አልወርድላት አለ። ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር። ሐኪሙ እኔንና ወንዲን ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ ቤት ይዛችኋት ግቡ፣ የምትወደውን ስጧት አለን። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልተረጉምልህም።

ማር አማራት። የአንተን ማር፣ ከአንተ ቀፎ የተቆረጠውን። ሰበታ ገበያ የገዛሁትን አቀመስኳት፤ «ይሄ የእሱ አይደለም» ብላ መለሰችልኝ። አልጋዋን ወደ ሳሎን አውጥተንላታል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር «አሥራት ነው?» ትላለች። መምሬ የሉም፣ ሰብሳቢው የሉም፣ ምክር የሚሰጥህ የለም፤ እኔና እሷ ብቻ ነን። በመሰረት ነፍስ ይሁንብህ፣ ወንድምዓለም፣ ና።

እህትህ ጥሩሰው


ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከገደሉ አፋፍ

ለእህቴ ለጥሩሰው

ሰላምሽ ይብዛ። ዕቃው በሙሉ ደርሶኛል፤ ላስቲኩ በተለይ ጎበዝ ነው። ደብዳቤሽንም አነበብኩ። አጻጻፍሽ ተሻሽሏል። በፊት በሦስት መስመር ነበር የምታሳምሚያት፤ አሁን ሐኪም ጨምረሻል፣ ኮሪደር ጨምረሻል፣ መሰረትን ሳይቀር ከመቃብሯ ጠርተሻል። እሷን ባታነሺያት ደስ ይለኝ ነበር።

አልመጣም። ገብሴ ታጭዶ አውድማ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ዞር ብል ዝንጀሮዎቹ ይጨርሱታል። እማዬ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ፤ አምናም፣ ካቻምናም ትጠብቀኝ ነበር። ለትንሣኤ ደህና አድርጌ እጠይቃታለሁ።

ማሩን ግን ልኬያለሁ። የመጀመሪያ ቆረጣዬ ነው፤ ነጭ ነው፣ ለማንም አልሸጥኩም። በንጹሕ ባልዲ አድርጌ ሀሰኖ ዘንድ አስቀምጫለሁ፣ ወንዲ ይውሰደው። በማንኪያ እንዳትሰጫት፤ በጣቷ ስትልሰው ነው የምትወደው። ቀምሳ ስትነሳ የምትለውን ጻፊልኝ።

አሥራት


ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰበታ

ይድረስ ለክቡር ወንድሜ ለአቶ አሥራት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናህ እንደምን ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ማሩ ደርሷል።

የገብርኤል ማግስት እሁድ ጠዋት ሰዎች ወደ አንተ ይመጣሉ። መምሬ ፍቅረሥላሴና ወንዲ አሉበት፤ ሌሎችም አሉ። እባክህን ያን ቀን ከቤትህ እንዳትወጣ። የሚሉህን ስማቸው። ወንድምዓለም፣ ከዚህ በፊት ያስቀየምኩህን ሁሉ ይቅር በለኝ፣ ያን አንድ ቀን ብቻ ቤትህ ሁን። ከዚህ በላይ በደብዳቤ የምጽፈው የለኝም።

እግዚአብሔር ያበርታህ።

እህትህ ጥሩሰው


ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከገደሉ አፋፍ

ጥሩሰው፣

«ክቡር ወንድሜ ለአቶ አሥራት» ስትዪኝ ነው የነቃሁት። አንቺ እንዲህ ስትከባበሪ የሆነ ነገር ልታጠምጂ ነው።

ሰዎችሽ መጥተው ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ በዛ ብለዋል። የገብርኤል ማግስት ገና ሳይነጋ የዳና ውሻ ጮኸ። ብቅ ብዬ ሳይ ጋቢ ለጋቢ ተከታትለው ዳገቱን ይወጣሉ። ቃሌ ቃል ነው፤ ጫማዬን እንኳ ሳላስር በጓሮ ወጥቼ ከአፋፉ ሥር ካለው ቁጥቋጦ ገባሁ። እነሱ አላዩኝም፣ እኔ ሁሉንም አየሁ። መምሬ ደጃፌ ላይ ቆመው ስሜን ጠሩ፤ ደግመው ጠሩ፤ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ወንዲ መሬት ላይ ተቀምጦ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በሆዴ፣ ይሄ ልጅ ሚኒባሱን ትቶ ቴአትር ቤት ቢቀጠር ያዋጣው ነበር አልኩ። በዚያ ብርድ እስከ ቀትር ቆዩ። የያዙትን ዳቦ እንኳ ሳይቆርሱ ተመልሰው ወረዱ። እኔም ወጥቼ ቁርሴን በላሁ።

ኦቦ ዳናን ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ማታ ማታ ከሚስቱ ጋር እርጎ ይዘው ይመጡና አንድ ቃል ሳይናገሩ አጠገቤ ይቀመጣሉ። «ምን ሆናችሁ?» ስለው «ሆማ ሚቲ፣ ምንም አይደለም» ይላል። ስቆፍር ካየኝ ዶማውን ከእጄ ይወስዳል። ሱሉልታ ስወርድ ደግሞ ሀሰኖ የጨው ሂሳብ አልቀበልም አለኝ፤ ሚስቱ ረምዚያ ዓይኔን ማየት አቃታት። አገሩን በሙሉ ነው ያሳደምሽብኝ። ለእብድ እንደሚታዘን ነው የሚያዝኑልኝ።

እማዬ ማሩን እንዴት አገኘችው? በደብዳቤሽ ስሟን አላነሳሽም። ስላልመጣሁ ተቀይማኝ ይሆናል፤ ትቀየም፣ መብቷ ነው። ለፋሲካ ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ እመጣለሁ። ይህን ለእሷ ብቻ በጆሮዋ ንገሪያት፤ አንቺና ሽማግሌዎችሽ እንዳትሰሙ።

አሥራት


ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰበታ

አሥራት፣

እማዬ ሞታለች።

መርዶ በወረቀት አይጻፍም። አንተም ታውቃለህ። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ለባለ ሐዘኑ ግራና ቀኝ የሚይዘው ቆሞለት ነው የሚነገረው። በስልክ ለሀሰኖ ነግሬው ነበር፤ እሱ ግን በእኔ አፍ አይሆንም፣ ዘመዶቹ ይንገሩት አለኝ። ልክ ነበር። ዳናም የሰማው ከእነ መምሬ ነው፤ «እኛ ተመልሰን እስክንነግረው» ብለው አደራ ስላሉት አፉን ይዞ በየማታው እያለቀሰልህ ነው የከረመው። ከሱሉልታ እስከ ገደልህ ድረስ ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ። እንግዲህ እኔ ሥርዓቱን ጥሼ ጻፍኩት። አንተን የሚያገኝ ሌላ መንገድ አላስቀረህልኝም።

ያረፈችው ኅዳር ውስጥ ነው፣ ደብዳቤህን ጽፈህ ገና ወንዲ ሳያመጣው። የዚያን ዕለት ማታ ጎረቤታችን ቤተልሄም መሰላል ልትመልስ መጥታ በሩን አንኳኳች። እማዬ «አሥራት ነው?» አለች። ከመስቀል ጀምሮ ይህንኑ ስትጠይቀኝ አይደለም፣ አይደለም ስል ከርሜያለሁ፤ ያን ቀን ግን አፌ እንቢ አለኝ፣ «አዎ፣ እሱ ነው» አልኳት። ወንዲ አጠገቧ ተቀምጦ እጁን ሰጣት። በስምህ ጠራችው፤ «አቤት እማዬ» አላት። «እጅህ ሻከረ፣ ሥራው ከብዶሃል» አለችው። መሪ ሲጨብጥ የሻከረ እጅ እየደባበሰች ነው ያሸለበችው። ቴአትር ቤት ይቀጠር ያልከው ልጅ ይሄ ነው። አንተን ሆኖ አልቅሶልሃል፤ ደጅህም ላይ የተቀመጠው ይህን በገዛ አፉ ሊነግርህ ነበር።

በማግስቱ ሊያመጣህ ሚኒባሱን አስነስቶ ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ ከሱሉልታ መለሱት። ስለዚህ ያለ አንተ ቀበርናት። የእድሩ ሰው ድንኳን ተከለ፣ መቃብሩን ቆፈረ፣ አልጋዋን ተሸከመ፤ ልጇስ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ባይጠይቁኝ ይሻላል ብዬ ነበር፣ ሳይጠይቁኝ ሲቀሩ ግን አፈርኩ።

ማርህ የደረሰው በሠልስቷ ነው። ከሚበላሽ ብዬ ለለቀስተኛው በዳቦ አቀረብኩት። ጥሩ ማር ነው አሉ።

እኔ በአንተ ተናድጄ አላበቃሁም። ገና ብዙ ይቀረኛል። ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሃል፤ ና ብዬ አልጽፍልህም፣ አትምጣ ብዬም አልጽፍልህም። በጆሮዋ ንገሪያት ያልከኝን አርባዋን ልናወጣ የሄድን ጊዜ ብነግራት ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ደብዳቤህ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ጥሩሰው


ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከገደሉ አፋፍ

እህትዓለም፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል ለአንቺ ስጽፍ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ደብዳቤሽን የከፈትኩት ሀሰኖ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው። ሰው ስኳር ይገዛል፣ ሳሙና ይገዛል፣ እኔ አነባለሁ። ሀሰኖ ፊቴን አይቶ ደንበኞቹን አስወጣና የሱቁን በር እስከ ግማሽ ዘጋው። ረምዚያ ክንዴን ይዛ ጆንያ ላይ አስቀመጠችኝ። እሱ በአንድ ጎን፣ እሷ በሌላ ጎን ተቀመጡ። «አላህ ያጽናህ፣ ወንድሜ» አለኝ። ገበያው እስኪበተን ሱቁን አልከፈተም። ይህ ሁሉ ጊዜ አውቀው ጨው እየሸጡልኝ ምን እንደተሰማቸው ሳስበው አፈርኩ።

እዚያ እንባ አልመጣልኝም። የመጣው ጎጆዬ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ጮኼ አለቀስኩ፣ ጥሩዬ፣ ሽማግሌ ሰውዬ አልጋ ላይ ተደፍቼ። መሰረት የሞተች ጊዜ ሰው ሁሉ «በቃህ፣ በቃህ» እያለ አናደደኝ ብዬ ነበር አይደል? አሁን በቃህ የሚለኝ አጣሁ። ማቆሚያውን አላውቀው አልኩ። ድምፄ ሲያልቅብኝ ዝም እላለሁ፣ ሲመለስ እንደገና እጀምራለሁ። ዳና ሰምቶ መጥቶ በሩን ቢደበድብ አልከፈትኩለትም፤ ልማዴ ሆኖ ነው መሰለኝ።

በማግስቱ ሰበታ ሄጄ ነበር። አላየሽኝም። በሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። አንቺ መስኮቱን ስትዘጊ አየሁሽ። እጄን ለማንኳኳት ሦስቴ አነሳሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር «አሥራት ነው?» ትላለች ብለሽ ጽፈሽልኝ ያንን በር ማንኳኳት አልቻልኩም። ቢመሽብኝም በመጣሁበት ተመለስኩ።

ስንት ነገር ላኪልኝ ብዬሻለሁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ሰዎቹን መልሰሽ ላኪልኝ። መምሬንም፣ ሰብሳቢውንም፣ ሌሎቹንም። ወንዲ አልሄድም ቢል አልፈርድበትም፤ ቢመጣ ግን እግሩ ላይ ልወድቅ ነው። እንዳልሰማ ቁጠሩኝ። ደጄ ላይ ቆመው ስሜን ጠርተው፣ እናትህ አርፋለች ብለው በሰው አፍ ይንገሩኝ፤ ያን ጊዜ ብወድቅም የሚይዘኝ ይኖራል። ከዚያ ይዘውኝ ወደ አንቺ ይምጡ። ከእነሱ ጋር ከሆንኩ ያንን በር አልፋለሁ።

መርዶ ሁለት ጊዜ አይነገርም የሚሉሽ እንደሆነ፣ ለእኔ አንድም ጊዜ አልተነገረኝም በያቸው።

የትኛው እሁድ እንደሆነ አትጻፊልኝ። እሁድ እሁድ ሊነጋ ሲል በሬን ከፍቼ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ።

ወንድምሽ አሥራት